ሕብርና ኅብር፤ የፒያኖ 12 ድምፅ ከአገራችን ቅኝት ጋር ስለ መገናኘቱ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን ሁለት ቃላትን ለይተን እንመልከት። በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ሕብር ቀለም ማለት ነው፤ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው ኅብር ግን አንድነትና መተባበር ማለት ነው። በአፍ ሲነገሩ አይለያዩም፤ በጽሕፈት ሲታዩ ግን ይለያያሉ። የቅኔ መምህራንም አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይዞ ሲገኝ ያንን ቅኔ ኅብር ይሉታል። በአውሮፓ ሙዚቃም ዘንድ እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ተጋብተው ይገኛሉ፤ ይኸውም ክሮማቲክ ሐርሞኒ የሚባለው ጥበብ ነው። ክሮማ በጽርእ ቋንቋ ቀለም ማለት ነው፤ ሐርሞኒያም መጋጠምና መስማማት ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩን በእኛ ቋንቋ ብንጠራው የሕብር ኅብር፣ ማለትም በቀለማት የተጌጠ የድምፅ አንድነት ይሆናል።

ይህንንም የምንጽፈው ለከንቱ ጨዋታ አይደለም። ከደብረ ሲና ቍልቍለት በታች ባለው በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ፣ ክራርና ማሲንቆ ዋሽንትም ይሰማበት በነበረው የሠርግ ዳስ ዛሬ ኪቦርድ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፒያኖ ልጅ ገብቶበታል። የከተማ ልጆችም የመጀመሪያውን የዜማ ትምህርት የሚቀበሉት ከእርሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ልጆቻችን ጆሯቸውን በዚህ መሣሪያ ቢያሠለጥኑ የአባቶቻቸውን ቅኝት ያገኙበታልን ወይስ ያጡበታል? ለዚህ መልስ ለመስጠት መሣሪያው ምን እንደ ሆነ፣ ቅኝታችንም ምን እንደ ሆነ፣ ሁለቱን ያገናኙ የአገራችን ሰዎችም እንዴት እንዳደረጉ በተራ መመርመር ይገባል።

ፒያኖን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1700 ዓመት ገደማ በጣሊያን አገር በፍሎሬንስ ከተማ የሠራው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። የዛሬው ፒያኖ ጣት የሚያርፍባቸው 88 ቁልፎች አሉት፤ ከእነዚህም 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቍር ናቸው። ዳሩ ግን ቁልፉ ቢበዛም ድምፁ 12 ብቻ ነው፤ 13ኛው የፊተኛው ድምፅ ከፍ ብሎ መመለሱ ነውና። ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል፤ እነዚህም 12 እርከኖች ሁሉ እኩል ናቸው። እኩልነታቸው ግን በሒሳብ የተገኘ እንጂ ጆሮ በተፈጥሮው የወሰነው አይደለም። ስሌቱን አስቀድሞ ካገኙት አንዱ በቻይና አገር የነበረው መስፍን ዡ ዛይዩ ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1584 ዓመት ገደማ ነው።

የአውሮፓ ሰዎችም ለረጅም ዘመን ከ12ቱ 7ቱን መርጠው ይዘምሩ ነበር፤ የቀሩትን 5 ግን ሰዓሊ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቀለም እንደሚጨምር ለጌጥ ብቻ ይነኳቸው ነበር። ክሮማቲክ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1722 ዓመት ከ12ቱ ድምፅ በእያንዳንዱ እየተነሣ፣ በደስታውም በኀዘኑም መልክ፣ 24 ጥንድ ድርሰቶች አዘጋጅቶ መሣሪያው በሁሉም በኩል መሄድ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በኋላ ጌጡ እየበዛ ሄዶ ሪቻርድ ዋግነር በ1865 ዓመት በታየው ትሪስታንና ኢዞልዴ በተባለው ድርሰቱ ጌጡ ዋናውን እስኪሸፍነው ድረስ አበዛው። በመጨረሻም አርኖልድ ሾንበርግ በ1920ዎቹ 12ቱን ድምፅ ሁሉ ያለ አለቃና ያለ ጭፍራ እኩል አድርጎ የሚደርስበትን ሥርዓት አቆመ። ስለዚህ የአውሮፓ የሕብር ታሪክ፣ በአጭሩ ሲነገር፣ እንግዳ የነበሩት 5ቱ ድምፆች ቀስ በቀስ ባለቤት የሆኑበት ታሪክ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን 3 የዜማ ስልቶች እንደ ሠራልን አበው ይነግሩናል። በዐፄ ገላውዴዎስም ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው እንዳይጠፋ ምልክት አበጁለት፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅንዓት፣ ሂደትና ቍርጥ በቃሉ ላይ እየተቀመጡ ድምፁ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ያሳያሉ። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ድምፅ ዜማ ነው። መቶ ሊቃውንት በማሕሌት ቢቆሙ መቶውም አንዱን ዜማ ይከተላሉ እንጂ አንዱ ከሌላው በታች የተለየ ድምፅ እየያዘ ሐርሞኒ አይሠራም። አውሮፓውያንም በጥንት ዘመን እንደዚሁ በአንድ ድምፅ ይዘምሩ ነበር፤ ድምፅን በድምፅ ላይ መደረብን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ካቴድራል የነበሩት ሌዎኒንና ፔሮቲን አስፋፉት። እነርሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ማሰማትን በድምፅ ሲፈልጉት፣ የእኛ አባቶች በቃል ፈለጉት፤ ይኸውም ሰምና ወርቅ ነው። ስለዚህ ሐርሞኒ ባይኖረን የጥበብ ጕድለት አይደለም፤ ጥበቡ በሌላ ቤት አድሯልና።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው የሕዝቡ ዘፈን ደግሞ በ4 ዋና ቅኝቶች ይሄዳል፤ እነዚህም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከእነዚህም ሁለቱ የአገር ስም መሆናቸውን የይፋት ሰው ያውቀዋል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በአጣዬና በካራ ቆሬ በከሚሴም አልፎ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ባቲን ያገኛል፤ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን ቢወጣ አምባሰል ይደርሳል። ቅኝቶቹ እንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆኑ በደጃችን በሚያልፈው መንገድ ጫፍ ላይ ያሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ቅኝቶቹ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው። አውሮፓውያን ከ12ቱ 7 መርጠው 5 ይተዋሉ፤ እኛ ደግሞ 5 መርጠን 7 እንተዋለን። በቅኔ ቤት የቤቱን ቀለም እንደምንቈጥር እዚህም ግማሽ ድምፁን እንቍጠር። ትዝታ ከመነሻው 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 እየተራመደ 12 ይሞላል። ባቲ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ይራመዳል። አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። አንቺ ሆዬ ግን 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው። ትዝታና ባቲ ከዚህ ሌላ ኀዘን የሚመስል ሁለተኛ መልክ አላቸው። ይህም ቍጥር ዜማውን በፒያኖ ቁልፍ ስንመዝነው ነው እንጂ፣ ክራር መቺና በገና ደርዳሪ አውታሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ስለ ሆነ ድምፁ ከፒያኖው በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ያም ጥቂት ልዩነት ስሕተት ሳይሆን የዜማው ጣዕም ነው።

ከዚህ ቈጠራ አንድ ነገር ይገለጣል። ግማሽ ድምፅ፣ አውሮፓውያን ቀለም ብለው ለጌጥ ያቈዩት፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ውስጥ ገና ከመነሻው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ለእነርሱ ግማሽ ድምፅ መሸጋገሪያ ነው፤ ጆሮ ከእርሱ ላይ ቆሞ ወደሚቀጥለው ይቸኵላል። ለእኛ ግን ማረፊያ ነው፤ ዘፋኙ ከእርሱ ላይ ሳይቸኵል ይቆያል። ደግሞም በአንቺ ሆዬ ከመነሻው እስከ አራተኛው ድምፅ 6 ግማሽ ድምፅ አለ፤ ይህንንም ርቀት የአውሮፓ የጥንት የሙዚቃ መምህራን ስለ ሸካራነቱ በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ እያሉ ይሸሹት ነበር። የእኛ ሕዝብ ግን በደስታው ቀን ይዘፍንበታል። ስለዚህ ክሮማቲክ የሚባለው ቀለም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከቶ እንግዳ ነው የሚል ሰው ቢኖር የገዛ አገሩን ዘፈን አላስተዋለም።

ሆኖም ቀለሙ ቢቀርበንም ኅብሩ ያስቸግራል። በአውሮፓ የሐርሞኒ ትምህርት ዋናው መሠረት ሦስት ድምፅ አንድ እያለፉ ደርቦ ማሰማት ነው፤ ለምሳሌ ዶ፣ ሚና ሶል በአንድነት ሲመቱ። ትዝታ ለዚህ ይመቻል፤ እነዚህ ሦስቱ በውስጡ አሉና። አምባሰልን ከዶ ብናስነሣው ግን ድምፆቹ ዶ፣ በግማሽ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ በግማሽ የወረደ ላ ናቸው። በመነሻው በዶ ላይ ሦስት ድምፅ ለመደረብ ሚ ያስፈልጋል፤ አምባሰል ግን ሚ የለውም። ተጫዋቹ ሚን ከውጭ ቢያመጣ ስድስተኛ ድምፅ ገብቶ ቅኝቱ ይለወጣል። ከውጭ ሳያመጣ ባለው ቢደርብ ደግሞ የሚያገኘው በፋ ላይ ወይም በወረደው ሬ ላይ የቆመውን ነው፤ ያን ጊዜ ጆሮ ፋን ወይም ሬን ባለ ቤት አድርጎ ይቀበልና እውነተኛው ባለ ቤት ዶ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። እነሆ፣ አንድም ድምፅ ሳይለወጥ አምባሰል አምባሰልነቱን ያጣል። አላዋቂ ሐርሞኒ የሚያደርሰው ጕዳት እንዲህ ያለ ነው፤ ሌባ ከቤት ዕቃ ሳይወስድ የቤቱን ባለቤት ብቻ እንደሚያስወጣ ነው።

አሁን ይህን ችግር በሥራቸው የገጠሙትን ሰዎች እናንሣ። በብዙ ድምፅ የተደረበ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በይበልጥ በነሐስ መሣሪያ ጓዶች ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንድያን ነበረ። የዘውዱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰ እርሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ዘፈን ለብዙ መሣሪያ እያቀናበረ ብዙ ዘመን ደከመ። እነዚህ ሰዎች መንገድ ጠራጊዎች ነበሩ።

በፒያኖ ግን ከሁሉ ቀድመው የሚነሡት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የተወለዱት በ1916 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው፤ የመጀመሪያ ስማቸው የውብዳር ነበረ፤ አባታቸውም በትምህርታቸውና በመልእክተኛነታቸው የታወቁት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። ገና በሕፃንነታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ በካይሮ የፖላንድ ተወላጅ ከሆነው ከቫዮሊን መምህሩ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ብዙ ተምረው ተመለሱ። ከዚያም ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመፈጸም ያገኙት ዕድል ፈቃድ በማጣት ስለ ተሰናከለ ዓለምን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በዚያም መንኵሰው 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። ግሸን ደብረ ከርቤ ያለችው በአምባሰል ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሸዋ የሚነሡ ብዙ ተሳላሚዎች ይህንኑ የሸዋ ሮቢትን መንገድ ይዘው ወደዚያ ያልፋሉ። በአውሮፓ ሐርሞኒ የሠለጠኑት እጆች እንግዲህ ፒያኖ በሌለበት አምባ ላይ፣ ቅኝቱ ስሙን ባገኘበት አገር፣ 10 ዓመት ዐረፉ። ከዚያም በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በዚያም የአብነት ተማሪዎች በብርድና በረኃብ ሲቸገሩ አይተው ልባቸው ስለ ተነካ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓመት በጀርመን አገር ያስቀረጹትን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለችግረኞች ልጆች አደረጉት። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ሥራዎቻቸው በፓሪስ ተሰብስበው በታተሙ ጊዜ ስማቸው በዓለም ተሰማ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

የእማሆይን ድርሰት የሰማ የዜማ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ ጊዜው እንደ ሰልፈኛ እርምጃ አልተለካም፤ እንደ በገና ደርዳሪ ቃል ሲረዝም ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። ሁለተኛ፣ ቀኝ እጃቸው በዜማው ላይ የሚያበዛው መርገፍገፍ የእኛን ርክርክ ያሳስባል፤ የግራ እጃቸው ኅብር ግን ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ቀድሞ አይመራውም። የተተዉት 7ቱ ድምፆች ቢመጡም እንደ እንግዳ መጥተው በክብር ይሸኛሉ። በዚህም ምክንያት ባለ ቤቱ ከቤቱ አልወጣም።

ሌላው መንገድ የትምህርት ቤት መንገድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ዋና ከነበሩት ሰዎች አንዱ ዶክተር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የእረኛውን ዋሽንት በአውሮፓ መሣሪያ ጓድ የሚያሰማ ድርሰት ደርሰዋል። ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣው ግርማ ይፍራሸዋ መጀመሪያ ክራር ይመታ የነበረ ሰው ነው፤ ኋላ በቡልጋሪያ በሶፍያ ከተማ የፒያኖን ትምህርት ፈጸመ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓመት በወጣው ሸክላው ውስጥ ከሚገኙት የፒያኖ ድርሰቶች አንዱ አምባሰል ይባላል። ጣቱ ፒያኖ ከመንካቱ በፊት ጆሮው በክራር አውታር መሠልጠኑ ለዚህ ሥራው መሠረት ነው፤ ቅኝቱን ሳያውቅ የመጣ ሰው አምባሰልን በፒያኖ መድፈር አይቻለውምና።

ሦስተኛው መንገድ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በጅማ ተወልዶ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ በቦስተን ተምሮ፣ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር አቆመ። እርሱ ሥራውን ሲገልጥ አምስቱን ድምፅ ከዐሥራ ሁለቱ ጋር ማጋባት ነው ይላል፤ ጭንቀቱም ዐሥራ ሁለቱ ከበታች ሲገቡ የአምስቱ መልክ እንዳይጠፋ እንደ ሆነ ያስረዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉት የደራሼ ሰዎች በዋሽንቶቻቸው የሚያሰሙት ድምፅ አውሮፓውያን ዘግይተው የደረሱበትን የተቀነሰ እርከን የያዘ መሆኑንም ደጋግሞ ተናግሯል።

እንግዲህ ሦስቱ መንገዶች ይለያያሉ፤ አንዷ በገዳም፣ አንዱ በትምህርት ቤት፣ አንዱ በጃዝ ቤት ሄደዋል። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ይህ ነው፤ ሁሉም አስቀድመው ቅኝቱን ምን ትሻለህ ብለው ጠየቁት እንጂ ኅብሩን ጭነውበት ተሸከም አላሉትም። ሕብር ከጠፋ ኅብር ምን ያደርጋል? ልዩ ልዩ ቀለም የሌለው አንድነት አንድ ወጥ ነጠላ እንጂ ጥለት አይሆንም።

አንዳንድ ሊቃውንት ፒያኖ ለያሬዳዊው ዜማ ፈጽሞ አይበቃም ይላሉ። በማሕሌት ውስጥ ስላለው ዜማ የተናገሩት እውነት ነው፤ የተቆለፈ ድምፅ ሂደትንና ርክርክን እንደ ጕሮሮ ሊያወጣ አይችልምና፣ ማሕሌቱም ከበሮና ጸናጽል መቋሚያም አለው። ነገር ግን በቤትና በአደባባይ ያለው ዘፈን ከመሣሪያው ጋር አስቀድሞ ተገናኝቷል፤ ልንከለክለው ብንነሣ የሚሰማን የለም። የሚጠቅመው መከልከል ሳይሆን ማስተማር ነው።

ስለዚህ ለይፋት ወላጆችና መምህራን ሦስት ምክር እናቀርባለን። መጀመሪያ፣ ልጁ ኪቦርድ ከመንካቱ በፊት ክራር ይቃኝ፤ አውታሩን በእጁ አጥብቆ አላልቶ አምባሰልን ያገኘ ልጅ ቅኝቱን ኋላ ማንም አይነጥቀውም። ሁለተኛ፣ ከዛሬዎቹ ኪቦርዶች ብዙዎቹ እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻልባቸው ናቸው፤ ስለዚህ የኪቦርድ ባለሙያ መሣሪያውን በአዋቂ ክራር መቺ ድምፅ ይቃኝ እንጂ ክራር መቺውን በመሣሪያው አያስተካክል። ሦስተኛ፣ በቆላው ያሉት የአማራውም፣ የአርጎባውም፣ የኦሮሞውም፣ የዓፋሩም ሽማግሌዎች የያዙት ዜማ ገና በሕይወት ሳሉ ይቀረጽ፤ ከቀረጻውም ጋር ማን በምን ቅኝት እንደ ዘፈነው ይጻፍ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዘመናቸው ምልክት ባያበጁ ኖሮ ዛሬ እኛ ድጓውን በምን እናውቀው ነበር? የእነርሱ ሥራ የድርሰት ሥራ ሳይሆን የማቈየት ሥራ ነበረ፤ ዳሩ ግን ከብዙ ድርሰት ይልቅ ጠቅሟል።

አምስቱ ድምፅ ከዐሥራ ሁለቱ ጋር መገናኘቱ ላይቀር ተገናኝቷል። የቀረን ሥራ በዚያ ቤት ውስጥ ባለ ቤቱ ማን እንደ ሆነ ለልጆቻችን ማሳወቅ ነው።